የእታገኝ ቤት ዋይፋይ

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርህ ወዳጄ፣ እኔ ስለ ጂን፣ ስለ ዛር፣ ስለ ሙት መንፈስ ወሬ ሲጀመር ብርጭቆዬን አስቀምጬ ወደ ውጭ የምወጣ ሰው ነበርኩ፣ ቢቸና ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ኮምፒዩተር አስተምራለሁ፣ ተማሪ «ቲቸር፣ ይህቺ ማሽን ሰይጣን አለባት» ሲለኝ «ሰይጣን እንኳ የለባትም፣ ገመዷን ግን አልሰካህላትም» እያልኩ የማሾፍ ሰው ነኝ፣ አባታችን የቅኔ መምህር ስለነበሩ ቤታችን ስለ መናፍስት ሲተረት ነው ያደግኩት፣ እመነኝ፣ አንዱም ጠብ አላለልኝም። ስለዚህ የምነግርህን ስትሰማ «ይሄ ሰውዬ ድሮም ልቡ ለእንዲህ ዓይነት ነገር ያደላ ነበር» እንዳትለኝ። አላደላም ነበር። ሰዎች ናቸው እዚህ ያደረሱኝ፣ ያውም ደጋግ ሰዎች፣ ንዴቴም እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

እታገኝ ታላቅ እህቴ ናት፣ እኔ እታለም ነው የምላት። እናታችን ገና በልጅነቴ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ ሞጣ አግብታ ስትሄድ እኔንም ከጓዟ ጋር ይዛኝ ሄደች፣ ባሏ ቶሎ ሲሞትባት ደግሞ ከልጇ ከማስተዋል እኩል አድርጋ በአንድ ልፍኝ አሳደገችን። እኔና ባለቤቴ ስመኝ ደግሞ ከተጋባን በኋላ ልጅ እምቢ ብሎን ብዙ ዘመን ቆየን፣ በዚያ ሁሉ ዘመን እታለም ያልተሳለችበት ደብር የለም፣ እኔ እንኳ ተስፋ ቆርጬ ስተወው እሷ አልተወችውም። በመጨረሻ ስመኝ በኦፕራሲዮን ወንድ ልጅ ስትወልድልኝ፣ እታለም በልብ ሕመም አልጋ ላይ ውላ ነበር፣ መጥታ ልታየው አልቻለችም፣ እኔም አራስ ጥዬ መሄድ አልቻልኩም።

ታዲያ ምን ቀረን፣ ስልክ። ያኔ የእጅ ስልክ ኢንተርኔት የሚዘጋበት ወቅት ነበር፣ የሚሠራው በመስመር የሚገባው የቤት ዋይፋይ ብቻ ነው። ደግነቱ ቀደም ብዬ ለጥምቀት ሞጣ የሄድኩ ጊዜ እሷም ቤት ራውተር ተክዬላት ነበር፣ ስሙን ማስተዋል «የእታገኝ ቤት» ብላ አወጣችው፣ ፓስወርዱን ግን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ረጅምና የተመሰቃቀለ፣ ከእኔና ከማስተዋል ስልክ በቀር የትም የለም። ይህን ልብ በልልኝ።

ሐሙስ ዕለት በተራ ስልክ ደውዬ አናገርኳት፣ ድምጿ ደክሟል፣ በማስተዋል ስልክ ነው የምታወራው። «አንዱዬ፣ ፎቶውን አይቼዋለሁ፣ ይባረክ» አለችኝ፣ «ግን ሁልጊዜ ተኝቶ ነው የምትልክልኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ዓይኑን ገልጦ ልየው እንጂ፣ የአባባን ዓይን ይዞ እንደሆነ ልወቅ።»

«ነገ ዓይኑን ሲገልጥ ጠብቄ ቪዲዮ እልክልሻለሁ፣ እታለም» አልኳት። ቃል ማለት ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።

ዓርብ ጠዋት ልጁ ጥጋቡን ጠብቶ ዓይኑን ቦግ አደረገ፣ እኔም ቀረጽኩትና ላክሁት፣ ላክሁት ነው የምልህ እንጂ የታለ የሄደው! ያቺ ክብ ምልክት ስትሽከረከር ቆየች፣ ኔት የለም። ሄጄ ራውተሩን ሳየው የኢንተርኔቱ መብራት ቀይ ሆኗል፣ አጥፍቼ አበራሁት፣ አረንጓዴ ሆነ፣ ወደ ሳሎን ተመልሼ ስልኬን ሳነሳ እንደገና ድርግም። እንግዲህ ዋይፋይ ሲያስቸግር ምን እንደሚደረግ ለተማሪ የማስተምረው እኔ ነኝ፣ ስልኩን አጥፍተህ አብራ፣ ኔትወርኩን ከስልኩ ሰርዘህ ፓስወርዱን እንደገና አስገባ፣ ራውተሩን ከፍሪጅና ከወፍራም ግድግዳ አርቀው፣ በሌላ ስልክ ሞክር፣ ሁሉንም አደረግኩት፣ ሁሉም እንደዚያው ነው። እኔ ራውተሩ ዘንድ ስቆም ይሠራል፣ ዞር ስል ይቆማል። ቪዲዮዋ ግማሽ መንገድ ትሄድና ቀጥ! መስመሩን የሚያቀርበውን መሥሪያ ቤት ያለ ጥፋቱ ስንት እርግማን አወረድኩበት መሰለህ፣ ዛሬ ይቅር በሉኝ ልላቸው ይገባኛል።

ማስተዋል ጋ በተራ ስልክ ደወልኩ። ብዙ ጠርቶ አነሳችው፣ ድምጿ ተዘግቷል።

«ምን ሆነሻል?»

«ጉንፋን ነው፣ ጋሼ።»

«እታለምስ?»

«ተኝታለች።»

«ስትነቃ ቪዲዮው ይደርሳታል በያት፣ ኔቱ አስቸግሮኝ ነው።»

ከኋላዋ ብዙ ሰው የሚንሾካሾክ መሰለኝ፣ «እሺ» ብላ ዘጋችው፣ ከዚያ በኋላ ስልኳ ጭራሽ አይሠራም።

ቤቴም ውስጥ ዓርብና ቅዳሜ አንድ የሚያናድድ ነገር ነበር። አማቴ እማማ ደብሬ አራሷን ሊጠይቁ መጥተው እኛው ዘንድ ናቸው፣ ራውተሩ የተቀመጠበትን ቁም ሣጥን ተጠግተው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ፣ «እማማ፣ ወደ ብርሃኑ ጠጋ ቢሉ አይሻልም?» ብላቸው «እዚህ ይሞቀኛል» ይሉኛል፣ ቢቸና ላይ በዚያ ወር ምን ብርድ አለ! የእድራችን ሰብሳቢ አያ ቢምረውም ስንት ጊዜ ብቅ ብለው ከአማቴ ጋር በር ላይ ተነጋግረው ሄዱ፣ እኔን ሲያዩኝ ስለ ዝናብ ያወራሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉሃል ይኸ ነው፣ እኔ ግን ዓይኔ ቀይ መብራቱ ላይ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ትዕግሥቴ አለቀ፣ እማማ ደብሬ ለስመኝ አጥሚት ሊያሞቁ ወደ ማዕድ ቤት ገብተዋል፣ እኔ ራውተሩን ከቦታው አንስቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፣ የስልክ መስመሩን ነቀልኩ፣ የኤሌክትሪኩንም ገመድ ነቀልኩ፣ መብራቶቹ በሙሉ ጠፉ፣ ሙሉ በሙሉ ከፋብሪካ እንደወጣ ላደርገው ነው ሐሳቤ። የነቀልኩት ገመድ በቀኝ እጄ ነው፣ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነው።

ስልኬ ቲን አለ።

ዞር ብዬ ሳየው የዋይፋይ ምልክቷ ሞልታለች። ይኸ እንኳ አላስደነገጠኝም፣ የጎረቤት ዋይፋይ ይሆናል ብዬ ነካ ሳደርገው «የእታገኝ ቤት፣ ተገናኝቷል» ይላል።

መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አይደለም፣ ንዴት ነው። የትኛው ባለጌ ተማሪ ነው ብዬ ተነሳሁ፣ አጥሬ ሥር ቆሞ በስልኩ የኔትወርክ ስም አስመስሎ በታመመች እህቴ የሚቀልድብኝ! ወጥቼ አጥሩን ዞርኩት፣ መንገዱ ላይ በግ የሚነዱ ሰውዬ ብቻ ነበሩ። ተመልሼ እየገባሁ ነው ነገሩ የገባኝ። ስም መኮረጅ ቀላል ነው፣ ማንም ያደርገዋል፣ ግን ስልክ በስም ብቻ አይገናኝም፣ ያን የተመሰቃቀለ ፓስወርድም ማወቅ አለበት። ዋይፋይ ደግሞ እንኳን ከሞጣ ቢቸና፣ ከሳሎን ማዕድ ቤት መድረስ የሚቸግረው ነገር ነው፣ በመኻሉ ደብረ ወርቅ አለ፣ ጉንደ ወይን አለ፣ ስንት ሸለቆ አለ። እኔ አስተማሪው ይህን አውቃለሁ፣ እግዜር ያሳይህ፣ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ!

ስልኩን እንዳነሳሁት ቪዲዮዋ መሄድ ጀመረች። ሁለት ቀን ሙሉ አልንቀሳቀስ ያለችው እንደ ውሃ ሄደች፣ ደረሰች። ቀጥሎ ደግሞ ታየች የሚለው ምልክት መጣ። «እሰይ!» አልኩ፣ አይ ሰው፣ ደስ ስለኝ ሌላውን ሁሉ ረሳሁት፣ ገመዱ ገና በእጄ ነው እኮ።

ከዚያ ምንም የለም። ብቻ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር የቀዘቀዘ መሰለኝ፣ ግቢ ውስጥ ያለው ውሻችን ወደ ቤቱ ዞሮ ቆሞ ያያል፣ አይጮኽም፣ ያያል። ትንሽ ቆይቶ ከማስተዋል ስልክ የድምፅ መልእክት ገባልኝ፣ አጭር ናት፣ ከፈትኳት። መጀመሪያ የጨርቅ ኮሽታ ነው፣ ሰው ከአልጋ ቀና ሲል አንሶላ እንደሚያሰማው ዓይነት፣ ቀጥሎ ረዥም ትንፋሽ፣ ቀጥሎ እልልታ።

እልልልልል።

የእታለምን እልልታ ከሺህ እለየዋለሁ፣ መጨረሻዋ ላይ ድምጿን ቆርጣ እንደ መሳቅ ታደርጋታለች፣ በተመረቅኩ ጊዜም፣ በሠርጌም ዕለት እንደዚያው ነው ያደረገችው። አሁንም እንደዚያው አደረገችው። ደካማ የታመመች ሴት ድምፅ አይደለም፣ የጥንት ድምጿ ነው።

ከመኝታ ቤት ስመኝ ሰምታው ኖሮ ሳቀች፣ «እታለም ናት አይደል? አየችው? አንጀቷ ይራስ!» አለች።

ከማዕድ ቤት በኩል ደግሞ የአጥሚቱ ጣሳ ወለሉ ላይ ወደቀ። እማማ ደብሬ በሩ ላይ ቆመዋል፣ አጥሚቱ እግራቸው ላይ ይፈሳል፣ ፊታቸው ዓመድ መስሏል፣ ያማትባሉ።

«ዝጋው!» አሉኝ።

«ምን ሆነዋል እማማ?»

«ዝጋው ብዬሃለሁ፣ በሥላሴ! አራስ ቤት ጩኸት አይሆንም።»

«እልልታ እኮ ነው! ልጅ ለተወለደበት ቤት እልልታ ምን ነውር አለው?»

ከወለሉ ላይ አጥሚቱን በነጠላቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ፣ በነጠላቸው! ስልኬን ሳየው ምልክቷ ባዶ ሆናለች፣ «የእታገኝ ቤት» የሚል ኔትወርክ የለም። መልእክቷን እንደገና ልከፍት ብሞክር አልከፈት አለችኝ።

እሑድ ሊነጋጋ ሲል አያ ቢምረው በር አንኳኩ። «መምህር፣ እባክህ ዲሼ እምቢ አለኝ፣ አንዴ ብቅ በል» አሉኝ። ቅዳሴ ሳይወጣ ዲሽ! ውስጤ እየበገነ ጋቢዬን ደርቤ ተከተልኳቸው፣ ቤታቸው ስገባ የእድሩ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፣ ማንም ቀና ብሎ አያየኝም። ይህን አገር ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ንግግር አያስፈልገውም።

«በርታ እንግዲህ መምህር» አሉ አያ ቢምረው፣ «እታገኝ አርፋለች።»

«መቼ?»

«ዓርብ ንጋት ላይ።»

«ቀብሩስ?»

አያ ቢምረው ጋቢያቸውን ሰበሰብ አደረጉ። «ትናንት ቀትር ላይ ተፈጸመ። ምን እናድርግ ልጄ፣ ቤትህ አራስ አለች፣ ሆዷ ተቀዶ ገና አልደረቀም፣ ድንጋጤ ወተቷን ያደርቀዋል፣ አንተ ደግሞ ቁጡ ነህ፣ ብትሰማ ጩኸህ ቤቱን ታናውጠዋለህ፣ ጥለሃትም ትሮጣለህ። መርዶ እንደሆነ ወግ አለው። ደብሬንም ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ፣ በዚያ በኔቱ ከሞጣ ወሬ እንዳይደርሰው፣ ገመዱን ላላ ያድርጉት አልኳቸው።»

ገባህ? እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ራውተር ስፈታ ስገጥም፣ አማቴ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ የመስመሩን ጫፍ ይዘው ስርቅ ሲነቅሉ ስቀርብ ሲሰኩ ነበር! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እናቴ ስትቀበር ልጅ ነበርኩ፣ ልጅ መቃብር አይሄድም ተብዬ ተከለከልኩ፣ ሁለተኛዋ እናቴ ስትቀበር ደግሞ ጎልማሳ ሆኜ፣ የልጅ አባት ሆኜ፣ እንደ ሕፃን ተደበቀብኝ። የማውቀውን ስድብ ሁሉ ተሳደብኩ፣ ሽማግሌ ፊት ነው፣ አላፈርኩም። ሲደክመኝ ነው ትዝ ያለኝ።

«ቆይ እንጂ» አልኳቸው፣ «ትናንት አመሻሽ ላይ እልል ስትል እኮ ሰምቻታለሁ።»

አያ ቢምረው ቀስ ብለው ከመቀመጫቸው ተነሥተው በሩን ዘጉት።

ለስመኝ እማማ ደብሬ ቀስ አድርገው እንዲነግሯት ትቼ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሞጣ ሄድኩ፣ በዚያ በኮረኮንች መንገድ እየተንገጫገጭኩ ስለ ስልኩ አንድ ምክንያት ስፈልግለት ነበር፣ አስተማሪ ነኛ፣ ቪዲዮው ቀድሞ ሄዶ ይሆናል፣ ድምፁ የድሮ መልእክት ይሆናል፣ እያልኩ። ለቅሶው ድንኳን ደርሼ ደረቴን መትቼ፣ አልቅሼ፣ ትንሽ ስረጋጋ ማስተዋልን ወደ ጎን ጠራኋት። ዓይኗ አብጧል። «ጋሼ ይቅር በለኝ፣ አትንገሪው ብለው አስማሉኝ» አለችኝ።

«እሱን በኋላ እንነጋገራለን። ትናንት አመሻሽ ላይ ስልክሽን ማን ያዘው?»

«የቱን ስልክ? ዓርብ አንተ ከደወልክ በኋላ ባትሪው አልቆ እማዬ ልፍኝ ውስጥ ወርውሬው ቀረ። መብራት እኮ የለም፣ የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ከዓርብ ጀምሮ ጨለማ ነን።»

ራውተሩ ግድግዳው ላይ ጨለማ ሆኖ ተሰቅሏል። ስልኩን ማስተዋል ከልፍኙ አውጥታ ሰጠችኝ፣ በመጣሁበት ሚኒባስ ላይ ቻርጅ አደረግኩት፣ ሲበራ የልጄ ቪዲዮ ውስጡ አለ። ተከፍቷል። ከሥሩ ደግሞ የተላከ የድምፅ መልእክት አለ፣ ለእኔ።

ይህን ስነግራት ማስተዋል አላለቀሰችም፣ ክንዴን ጨብጣ ወደ ሴቶቹ ወሰደችኝና «ንገሩት» አለቻቸው። አንዲት አሮጊት ጎረቤት ናቸው የተናገሩት፣ በንዴት ነው የተናገሩት፣ እንደ እኔው።

«ከቀብር ተመልሰን፣ እጃችንን ታጥበን፣ ንፍሮውን እየቀመስን፣ ጀንበሯ ስታዘቀዝቅ እልልታ ሰማን! ከልፍኙ ውስጥ! ለቅሶ ቤት እልል የምትል የማን ባለጌ ናት ብዬ እኔው ነኝ በጥፊ ልላት የገባሁት። ሰው የለም። አልጋው ባዶ ነው። ያ የልጅቱ ስልክ ትራሱ ላይ ነው።»

«ድምፁስ የማን ነበር?» አልኳቸው።

ተቆጡኝ። «ምን ትጠይቀኛለህ? አንተው አታውቀውም?»

ያን ዕለት ሴቶቹ ደክሞታል ብለው ልፍኙ ውስጥ ፍራሽ አነጠፉልኝ። «ያደግክበት ነው፣ እዚያ አረፍ በል» አሉኝ፣ እኔም እሺ ብዬ እስከ በሩ ሄድኩ፣ መዝጊያውን ገፋሁት። አልጋዋ ተነጥፏል፣ ትራሱ መኻሉ ጎድጎድ ብሏል፣ ያ ስልኩ የተቀመጠበት ይሆናል፣ ይሆናል እንጂ ምን አውቄ። እመነኝ ወዳጄ፣ እግሬ አልገባም አለኝ። ተመልሼ ወደ ድንኳኑ ሄድኩና ከወንዶቹ መኻል ተጠቅልዬ ተኛሁ፣ የሞጣ ብርድ አጥንቴ ገባ፣ ዓይኔን ሳልከድን ፊቴን ወደ ልፍኙ አዙሬ ነጋ።

አያ ቢምረውም እማማ ደብሬም ይቅርታ ጠይቀውኛል፣ የንስሐ አባቴም ለበጎ ነው ያደረጉት ይሉኛል፣ አውቃለሁ፣ ለበጎ ነው። ግን ያቺ ሴት እኮ በትኩሳት ስቃጠል በዚያች ክፍል አቅፋኝ ያደረች ናት፣ እኔ እሷን መፍራት ነበረብኝ? እስከ ዛሬ ሞጣ ስሄድ ሌላ ቤት ነው የማድረው። ይህን ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ። አስከሬኗን ተሸክሜ፣ አፈሯን በእጄ መልሼ ብመለስ ኖሮ፣ እህቴን አልፈራትም ነበር።